እንግሊዝ አገር ሻርክ አለ ወይ? ሪከርዱስ ለምን አረጀ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የምኖረው ፕሊመዝ ነው። የ13 ዓመት ልጄ በሰመር ከጓደኛው አባት ጋር ሻርክ በሚያጠምድ ጀልባ ልሂድ ብሎ አስጨንቆኛል። ለመሆኑ እዚህ አገር ሻርክ አለ እንዴ? ሰው ይበላል? እስከ ዛሬ በመንጠቆ የተያዘው ትልቁስ ስንት ይመዝናል? ልጄ ኢንተርኔት ላይ አይቶ ‹የብሉ ሻርክ ሪከርድ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ትልልቆቹ አልቀዋል ማለት ነው› ይለኛል። ደግሞም ሱቅ ውስጥ ሮክ ሳልሞን ተብሎ የሚሸጠው ዓሣ ሻርክ ነው የሚሉ አሉ። እውነት ነው?»

ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልኝ። ልጅዎን ሳላውቀው ወደድኩት። እሱ ያነሳት የሪከርድ ጉዳይ እኔም በዚህ ሙያ ስቆይ ብዙ ያሰበችኝ ናት። ስለዚህ ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ መልሼ እሷ ላይ ረጋ እላለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ሻርክ አለ፤ ያውም ብዙ። በብሪታንያ ዙሪያ ባለው ባሕር እስካሁን ከ40 በላይ የሻርክ ዓይነቶች ታይተዋል። ከእነዚህ ቢያንስ 21ዱ ክረምት ከበጋ እዚያው የሚኖሩ ናቸው። አብዛኞቹ ግን ሰው ሻርክ ሲባል በዓይነ ሕሊናው የሚመጣበት ዓይነት አይደሉም። በብዛት የሚገኘው ካትሻርክ የሚባለው ነው። ነጠብጣብ ያለበት፣ አንድ ሜትር እንኳን የማይሞላ፣ አሸዋ ላይ ተኝቶ የሚውል ዓሣ ነው። አሮጌዎቹ አጥማጆች ዶግፊሽ ይሉታል።

እንዲያውም ጀልባው ከመድረሱ በፊት ልጅዎን ከዚህ ቢያስጀምሩት ደስ ይለኛል። ማዕበል ካለፈ በኋላ ጠዋት ባሕር ዳር ይዘውት ይውጡ። ውኃው የተፋው የባሕር ሣር ተከምሮ የሚገኝበትን መስመር ይከተሉ። እዚያ ውስጥ ቡናማ፣ ደረቅ፣ አራት ማዕዘኑ ላይ እንደ ክር የተጠማዘዘ ነገር ያላት፣ ከጣት የማትረዝም ከረጢት ታገኛላችሁ። የካትሻርክ የእንቁላል ከረጢት ናት። ጫፏ ተከፍቶ ካገኛችሁት ጫጩቱ ወጥቶ ሄዷል። ይህን እየሰበሰበ የሚመዘግብ ሻርክ ትረስት የሚባል ድርጅት አለ፤ መሥሪያ ቤቱም እዚያው እርስዎ ከተማ ፕሊመዝ ነው። ከ2003 ጀምሮ ሕፃን አዋቂ ሳይል ሰው ያገኘውን እንዲልክለት ይጠይቃል። ልጅዎ የላከው መረጃ የእውነት ሥራ ላይ ይውላል።

ለንደን ያሉ ዘመዶችዎም ቢሆኑ ከሻርክ ሩቅ አይደሉም። የቴምዝ ወንዝ በ1957 ሕይወት የሌለው ወንዝ ተብሎ ተነግሮለት ነበር። በ2021 የለንደን የእንስሳት ጥናት ማኅበር ባወጣው ሪፖርት ግን ወንዙ ከባሕር በሚገናኝበት ሰፊ አፍ ቶፕ፣ ስሙዝ ሃውንድ እና ስፐርዶግ የተባሉ ሦስት የሻርክ ዓይነቶች እንደሚኖሩ ተጽፏል። እኔ ይህን ሳነብ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ውኃ ዕድል ከተሰጠው ይድናል።

ግዙፉ ባስኪንግ ሻርክ ነው። በዓለም ካሉ ዓሦች በትልቅነት ሁለተኛ ሲሆን እስከ 10 ሜትር ይደርሳል። ከአውቶቡስ ብዙም አያንስም። አፉን ሲከፍት አንድ ልጅ ቁጭ ብሎ ይገባበታል፤ የሚበላው ግን በዓይን ለማየት የሚያዳግት ጥቃቅን የባሕር ነፍሳት ነው። አፉን ከፍቶ ቀስ እያለ ይዋኛል፣ ውኃውን በስንጥቦቹ፣ ማለትም በሚተነፍስባቸው የአንገቱ ጎን ክፍተቶች፣ ያጣራል፣ ይሄው ነው። ኮርንዋል፣ አይል ኦፍ ማን እና ምዕራብ ስኮትላንድ በሰመር ይታያል። በ2007 አይል ኦፍ ማን አጠገብ ምልክት የተደረገባት አንዲት ባስኪንግ ሻርክ በ82 ቀን አትላንቲክን አቋርጣ ካናዳ ኒውፋውንድላንድ አካባቢ ደርሳለች። የዋኘችው 9,589 ኪሎ ሜትር ነው። በመንገዷም እስከ 1,264 ሜትር ጥልቀት ወርዳለች። ድሮ ለጉበቱ ዘይት ሲባል በጦር እየተወጋ ይያዝ ነበር። ከ1998 ጀምሮ ግን ብሪታንያ ውስጥ በሕግ የተጠበቀ ነው። አጥማጅ አይነካውም። ስለዚህ ከሪከርዱ ወሬ ውጭ ነው።

አሁን ወደ ፍርሃትዎ ልምጣ። ታላቁ ነጭ ሻርክ በብሪታንያ ባሕር ስለመኖሩ እስካሁን አንድም የተረጋገጠ ማስረጃ የለም። ጋዜጦቹ በየሰመሩ «ታየ» ይላሉ፤ ሲጣራ ባስኪንግ ሻርክ ወይም ፖርቢግል የሚባል ሌላ ሻርክ ሆኖ ይገኛል። በጁላይ 2022 ፔንዛንስ አካባቢ ከብሉ ሻርኮች ጋር ልትዋኝ ወደ ባሕር የወጣች ሴት እግሯ ላይ ተነክሳለች። ቁስሉ ቀላል ነበር። ይህ ትልቅ ዜና የሆነው እንዲህ ያለ ነገር እዚህ አገር እጅግ ብርቅ ስለሆነ ነው። ልጅዎ ደግሞ የሚሆነው ውኃው ውስጥ ሳይሆን ጀልባው ላይ ነው። እኔ ብሆን ከሻርኩ ይልቅ የምፈራለት ብርዱንና ማዕበሉን ነው። ለዚያ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

እንግዲህ ሪከርዱ።

በብሪታንያ በመንጠቆ ከተያዙት ሻርኮች በክብደት አንደኛ ሆኖ የተመዘገበው ፖርቢግል ነው። 507 ፓውንድ፣ ማለትም 230 ኪሎ። ከሁለት ኩንታል በላይ የሆነ ዓሣ በአንድ ዘንግና በአንድ ክር ማለት ነው። የተያዘው ማርች 1993 ነው፤ ቦታው ደነት ሄድ፣ የስኮትላንድ ሰሜናዊ ጫፍ። ይህ ክብደት በዓለም ሪከርድነትም ተመዝግቧል።

ቦታውን ልብ ይበሉልኝ። ደነት ሄድ ማለት ከዋናው የብሪታንያ መሬት የመጨረሻው ሰሜን ነው። በማርች ውኃው እጅ ያደነዝዛል። እዚያ ውስጥ ነው ይህ ሁሉ ጉልበት ያለው እንስሳ የሚያድነው። ምስጢሩ ደሙ ነው። ብዙ ዓሣ የሰውነቱ ሙቀት ከውኃው ጋር እኩል ነው፤ ውኃው ሲቀዘቅዝ እሱም ይቀዘቅዛል። ፖርቢግል ግን ጡንቻው ሲሠራ የሚፈጠረውን ሙቀት አያባክንም። ከጡንቻው የሚመለሰው ሞቃት ደም ከስንጥቡ ከሚመጣው ቀዝቃዛ ደም ጋር በቀጫጭን የደም ሥሮች ጎን ለጎን ያልፋል። በዚያው ሙቀቱ ይተላለፋል፣ ወደ ውኃው ሳይወጣ ይቀራል። ስለዚህ በበረዷማው ባሕር ውስጥ ጡንቻው ሞቆ ይሠራል። ማኬሬል የሚያህል ፈጣን ዓሣ አሳድዶ የሚይዘው በዚህ ነው። ታላቁ ነጭ ሻርክም ዘመዱ ነው፤ ሁለቱን ሰው የሚያምታታው በከንቱ አይደለም።

ከ1993 በፊት የነበረው የፖርቢግል ሪከርድ 465 ፓውንድ ነበር፤ በ1976 ኮርንዋል ውስጥ ፓድስቶ አካባቢ የተያዘ።

ሁለተኛው ማኮ ነው። እሱም የፖርቢግል ዘመድ ሲሆን ከሻርኮች ሁሉ ፈጣኑ ነው። በ1971 ጆይስ ያሎፕ የተባለች ሴት ከፕሊመዝ ፊት ለፊት፣ ኤዲስቶን የመብራት ማማ አካባቢ፣ ልክ 500 ፓውንድ የሚመዝን ማኮ ይዛለች። ወደ 227 ኪሎ ነው። ይህ ሪከርድ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆሟል። ሰማዩ ጥርት ሲል ፕሊመዝ ሆ በሚባለው የባሕር ዳር ከፍታ ላይ ቆመው ቢመለከቱ ማማው በሩቁ ይታያል። ለልጅዎ ያሳዩት። ቤታችሁ አጠገብ የሆነ ታሪክ ነው።

ከዚያ ትሬሸር ይመጣል። ጭራው የሰውነቱን ግማሽ ያህላል። በጭራው እንደ ጅራፍ እየገረፈ ትንንሽ ዓሦችን አደንዝዞ ይበላል። ሪከርዱ 323 ፓውንድ፣ ወደ 146 ኪሎ ገደማ፣ ፖርትስመዝ አካባቢ፣ 1982። ቶፕ ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ አነስ ይላል፦ 82 ፓውንድ ተኩል፣ ኤሴክስ ውስጥ ብራድዌል አጠገብ፣ 1991።

አንዱ ግን ለየት ያለ ነው። ባለ ስድስት ስንጥብ የሚባል የጥልቅ ባሕር ሻርክ አለ። ከአራት ሜትር በላይ ያድጋል። የብሪታንያ ሪከርዱ ግን 9 ፓውንድ ተኩል ነው፤ አራት ኪሎ ከምናምን። በ1976 ፕሊመዝ አካባቢ መንገድ የሳተ ግልገል መሆን አለበት በመንጠቆ የተያዘው። ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ሪከርድ የሚነግረን ባሕሩ ውስጥ ያለውን ትልቁን ዓሣ አይደለም። የሚነግረን ሰው ይዞ፣ ወደ መሬት አውጥቶ፣ ሚዛን ላይ የሰቀለውን ትልቁን ዓሣ ነው። በሁለቱ መካከል ሰፊ ልዩነት አለ።

የልጅዎ ጥያቄም የሚፈታው እዚህ ላይ ነው።

የብሉ ሻርክን ሪከርድ እንውሰድ፦ 218 ፓውንድ፣ ወደ 99 ኪሎ፣ ሉ የምትባል የኮርንዋል ከተማ፣ 1959። ልጅዎ ያየው ይህን ነው። ሉ ትንሽ የወደብ ከተማ ናት፤ ከእናንተ ብዙም አትርቅም። በ1953 የታላቋ ብሪታንያ የሻርክ አጥማጆች ክበብ የተመሠረተው እዚያ ነው። መሥራቹ ብርጋዴር ኮንተር የሚባሉ መኮንን ነበሩ። አባል ለመሆን 75 ፓውንድና ከዚያ በላይ የሚመዝን ሻርክ መያዝ ያስፈልግ ነበር። በዚያን ጊዜ ይህን ማረጋገጫው መንገድ አንድ ብቻ ነው፦ ሻርኩን ገድሎ ወደብ ማምጣትና በሚዛን መስቀል።

ከተማው ገነነ። ከመላው አገር ለዕረፍት የሚመጣው ሰው ጀልባ ይከራያል፣ ይወጣል፣ ማታ ይመለሳል። ወደቡ ላይ ሕዝብ ተሰብስቦ ይጠብቃል። ሻርኩ በጭራው ተሰቅሎ ይመዘናል፣ የያዘው ሰው አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ብሉ ሻርኮች እንዲህ ወደቡ ላይ ተመዝነዋል። ሥጋቸው አብዛኛው ለሰው ምግብ አልዋለም። እነዚያን ፎቶዎች አይቻቸዋለሁ። ሰዎቹ ደስተኞች ናቸው፣ ልጆቹ ይስቃሉ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። በዘመኑ ባሕር የሚያልቅ ነገር አይመስልም ነበር። እኔን ግን የሚያሳዝነኝ ሌላ ነገር ነው፤ ፎቶው ውስጥ ሻርኮቹ ግራጫ ናቸው። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ብሉ ሻርክ ሲሞት ቀለሙ ይጠፋል፣ አመድ ይመስላል።

በሕይወት ሳለ ምን እንደሚመስል ልንገርዎት። ጀልባው ሞተሩን አጥፍቶ ይንሳፈፋል። ከጎኑ የተፈጨ ማኬሬል፣ የእህል ገለባና የዓሣ ዘይት የሞላ የመረብ ከረጢት ተንጠልጥሏል። ሩቢ ደቢ ይሉታል። ጀልባው በተወዛወዘ ቁጥር ዘይቱ ወደ ውኃው ይፈሳል፣ ሽታው ኪሎ ሜትሮች ይሄዳል። ሰዓት ይሆናል፣ ሁለት ሰዓት ይሆናል፣ ምንም የለም። ከዚያ ከሥር የሆነ ጥላ ይነሳል። መጀመሪያ ጥቁር ነው፤ ወደ ላይ ሲቀርብ ሰማያዊ ይሆናል። ጀርባው የሌሊት ሰማይ የመሰለ ድፍን ሰማያዊ፣ ጎኑ ፀሐይ ሲያርፍበት የሚያብረቀርቅ፣ ሆዱ ወተት። ቀጭን ነው፣ የጎን ክንፎቹ ረጃጅም ናቸው፣ ዓይኑ ትልቅና ክብ ነው። አይጣደፍም። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ይዤው የነበረውን የመመዝገቢያ ሰሌዳ ረስቼ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እዚህ የሚመጡት አብዛኞቹ ገና ያልጎለመሱ ሴቶች ናቸው። ቆዳቸውን ከጭንቅላት ወደ ጭራ ቢዳስሱት ሐር ነው፤ ከጭራ ወደ ጭንቅላት ግን እንደ ብርጭቆ ወረቀት እጅ ይልጣል።

ይህን ያየ ሰው ሰቅሎ ለመመዘን ልቡ እሺ አይለውም። ነገሩም የተቀየረው ከዚሁ ነው። ሳይንቲስቶችና አጥማጆቹ ራሳቸው ተነጋገሩ። ሻርክ እንደ ማኬሬል በአንዴ ብዙ ሺህ እንቁላል የሚጥል ዓሣ አይደለም። የፖርቢግል ሴት ለመውለድ የምትደርሰው ዕድሜዋ አሥር ዓመትን ካለፈ በኋላ ነው፤ የምትወልደውም አራት ግልገል ገደማ ነው። ስፐርዶግ ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ታረግዛለች። እንዲህ ያለ እንስሳ ከተጨፈጨፈ ቶሎ አይተካም። ስለዚህ ዛሬ የሉ ክበብም ሆነ ሌሎቹ የሚያጠምዱት ለመልቀቅ ነው። ሻርኩ ከጀልባው ጎን ውኃ ውስጥ እንዳለ ይለካል፣ ቁጥር ያለው ምልክት ይደረግለታል፣ መንጠቆው ይወጣለታል፣ ይሄዳል።

ሕጉም ተከተለ። እንግሊዝ ውስጥ ከ2008 ጀምሮ ቶፕን ከጀልባ ላይ በመንጠቆ የያዘ ሰው ወደ መሬት ማምጣት አይችልም። ፖርቢግልም ተይዞ ቢገኝ መለቀቅ ያለበት ዓሣ ነው።

አሁን ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ ያድርጓቸው። ክብደቱ በሪከርድነት እንዲጸድቅ ዓሣው መሬት ላይ፣ በተረጋገጠ ሚዛን፣ ምስክር ባለበት መመዘን አለበት። በሚወዛወዝ ጀልባ ላይ የተመዘነ አይቆጠርም። ሻርኩ ግን አሁን ወደ መሬት አይመጣም። ስለዚህ የቆየው የክብደት ሪከርድ እንዴት ይሰበራል? በሩ ተዘግቷል። ከ1959 ወዲህ ከ218 ፓውንድ የሚበልጥ ብሉ ሻርክ ከጀልባ ጎን ደርሶ አልተለቀቀም ብሎ የሚከራከር አጥማጅ አላጋጠመኝም።

በመለኪያ ግምቱን ማግኘት ይቻላል። አጥማጆች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ። ልጅዎ ሒሳብ ከወደደ ይሞክረው። የወገቡን ዙሪያ በኢንች ይለኩታል፣ በራሱ ያባዙታል፣ በርዝመቱ ያባዙታል፣ ለ800 ያካፍሉታል። የሚመጣው ክብደቱ በፓውንድ ነው። ለምሳሌ ርዝመቱ 108 ኢንች፣ ዙሪያው 40 ኢንች የሆነ ብሉ ሻርክ ቢገኝ፦ 40 በ40 ሲባዛ 1,600፤ በ108 ሲባዛ 172,800፤ ለ800 ሲካፈል 216 ፓውንድ። የ1959ኙን ሪከርድ ሊነካ ሁለት ፓውንድ ቀረው ማለት ነው። ግምት ነው፣ የጠገበና የተራበ ሻርክ ይለያያል። ግን ዓሣው በሕይወት ይሄዳል። እኔ ከሚዛኑ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ፤ ምርጫዬን አልደብቅም።

እና ልጅዎ ተሳስቷል ማለት ነው? አይደለም፣ ግማሹን አግኝቶታል። ሪከርዱ ያረጀው በዋናነት መግደል ስለቀረ ነው። ነገር ግን የቀነሱም አሉ፣ ያውም ክፉኛ። ፖርቢግልን ከ1930ዎቹ ጀምሮ የኖርዌይ የንግድ ጀልባዎች በረጅም የመንጠቆ ገመድ አጥምደው ባሕሩን አራቁተውት ነበር። በሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ ያለው ዘሩ እስከ ዛሬ በጠና አደጋ ላይ ካሉት ይቆጠራል። ቶፕም በ2020 በዓለም ደረጃ እዚያው መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ኤንጀል ሻርክ የሚባለው፣ ጠፍጣፋ ሆኖ አሸዋ ውስጥ የሚቀበረው ዓሣ፣ ድሮ በብሪታንያ ዙሪያ የተለመደ ነበር። አሁን እሱን ለማግኘት ተመራማሪዎች ዌልስ ውስጥ ከሽማግሌ አጥማጆች ጋር እየተቀመጡ የድሮ ፎቶና ትዝታ ይሰበስባሉ። ለእነዚህ ጥፋት ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የንግድ መረብና ገመድ ነው እንጂ የቅዳሜ አጥማጅ ዘንግ አይደለም። ያም ሆኖ ወደቡ ላይ የተሰቀሉት ሺዎች ምንም አልጎዱም ማለት አይቻልም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከጥያቄው ትንሽ ቢወጣም። በማርች 2022 ኮርንዋል ኒውሊን አካባቢ የሞተች የግሪንላንድ ሻርክ ተገኘች። ይህ ዝርያ የሚኖረው በጥልቁና በቀዝቃዛው ባሕር ነው፤ ዕድሜው መቶዎች ይሻገራል። እሷ ወደ አራት ሜትር ይጠጋል ርዝመቷ። መቶ ዓመት ያህል ሳይሞላት አይቀርም ተባለ፤ በዝርያዋ ግን ገና ልጅ ናት። ስትመረመር አንጎሏ የማጅራት ገትር በሽታ እንደነበረበት ታወቀ። ምናልባት መንገድ ስታ የመጣችው ለዚህ ይሆናል። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ሃምፕሻየር ባሕር ዳር ብርቅ የሆነ ሌላ ሻርክ ሞቶ ተገኘ፤ ሳይንቲስቶቹ ሳይደርሱ ሰው ጭንቅላቱን ቆርጦ ወሰደው። ደግነቱ በኋላ ተመልሷል። ልጅዎ ባሕር ዳር የሞተ ሻርክ ካገኘ ፎቶ አንስቶ ይደውል፤ ምንም ነገር አይቁረጥ። በአንድ ሬሳ ውስጥ ለዓመታት የማይገኝ ዕውቀት አለ።

ስለ ሮክ ሳልሞን የሰሙት እውነት ነው። ሳልሞን አይደለም። ሮክ ሳልሞን፣ ሮክ ወይም ሃስ ተብሎ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ስፐርዶግ ወይም ሌላ ትንንሽ ሻርክ ነው። በ2019 የኤክስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከፊሽ ኤንድ ቺፕስ ሱቆች ናሙና ወስደው በዲኤንኤ ሲመረምሩ ስፐርዶግ አግኝተዋል። የሚከለክልዎ ሕግ የለም። ለሚጾሙና «ክንፍና ቅርፊት ያለው» የሚለውን የኦሪት ሕግ ለሚጠብቁ ወገኖቼ ግን የቆዳውን ነገር በሐቅ ልናገር፦ ሻርክ እንደ ቆሮሶ በቢላ ተፍቆ የሚረግፍ ቅርፊት የለውም። ያ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክረው ነገር ቆዳው ውስጥ የተተከለ፣ በአሠራሩ ጥርስ የሚመስል ጥቃቅን አካል ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የእምነት ጥያቄ ስለሆነ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ። ሱቁ ውስጥ ግን «ይህ ዓሣ ምንድነው?» ብሎ መጠየቅ መብትዎ ነው።

እንግዲህ ልጁ ይሂድ ወይስ ይቅር? እኔ ይሂድ እላለሁ። ግን ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ካፒቴኑን በስልክ ያግኙትና ጥቂት ነገር ይጠይቁት። ሻርኩን ጀልባው ላይ ያወጣዋል ወይስ ውኃ ውስጥ እንዳለ ይለቀዋል? ትክክለኛው ሁለተኛው ነው። ሻርክ አጥንት የለውም፤ አካሉን የሚደግፈው ውኃው ነው። ከውኃ ሲወጣ የራሱ ክብደት ሆድ ዕቃውን ይጫነዋል። የሚጠቀመው መንጠቆ ክብ ነው ወይ? ክብ መንጠቆ ጉሮሮ ውስጥ ሳይወርድ ከአፉ ዳር ይይዛል፣ ለማውጣትም ይቀላል። ክሩ ጠንካራ ነው ወይ? ክሩ ቀጭን ከሆነ ትግሉ ይረዝማል፣ ሻርኩ ዝሎ ይለቀቃል፣ ከተለቀቀም በኋላ ሊሞት ይችላል። በእነዚህ ላይ የሚያቅማማ ወይም የሚቆጣ ካፒቴን ከሆነ ሌላ ይፈልጉ። ጥሩዎቹ ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል፤ ስልኩን ለመዝጋት ይቸገራሉ።

ጊዜው ከጁን እስከ ኦክቶበር ነው፤ ብሉ ሻርኮቹ የሚመጡት ያኔ ነው። ልጁ ልብስ ደራርቦ ይልበስ፣ ኦገስትም ቢሆን። ባሕር ላይ ስምንት ዘጠኝ ሰዓት መቆየት አለ። የማቅለሽለሽ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ጀልባው ከመነሳቱ በፊት ነው፤ ከጀመረው በኋላ አይሠራለትም። ቁርሱን በልቶ ይሂድ፣ ባዶ ሆድ ይብሳል። የሕይወት ጃኬቱ በልኩ መሆኑን እርስዎ ራስዎ ይዩ። ሻርኩ ጀልባው ጎን ሲደርስ እጁን ወደ ውኃው አይስደድ። ካፒቴኑ «አሁን» ሲለው ብቻ ጀርባውን ይዳስስ፣ ከጭንቅላት ወደ ጭራ።

ደብተርና እርሳስ ይያዝ። ምልክት የሚደረግ ከሆነ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ርዝመቱንና የወገቡን ዙሪያ ይጻፍ። በብሪታንያና በአየርላንድ ዙሪያ ምልክት የተደረገባቸው ብሉ ሻርኮች ከአትላንቲክ ማዶ ተይዘው ያውቃሉ። ያ ቁጥር አንድ ቀን ከሆነ ቦታ ከተነገረ፣ ልጅዎ ካርታውን ዘርግቶ ከፕሊመዝ እስከዚያ መስመሩን ራሱ ያሰምረዋል።